የሐና ስለትና የዮፍታሔ ስለት በ«ፍቅር እስከ መቃብር»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ጥናት ከክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ የተወሰደ ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ጀምሮ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሯል። መጽሐፉን ያላነበበ እንኳ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ሰምቶት ወይም ታሪኩን ከታላላቆቹ ተቀብሎት ይሆናል። በእኛ በአብደራፊም በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ከጎጃም የሚመጡ ወንድሞቻችን ስለ ማንኩሳና ስለ ዲማ ሲያወሩ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ስም አብሮ ይነሣል።

ወደ ጥናቱ ከመግባታችን በፊት፣ «የሰንበት ተማሪ ልብ ወለድ ማንበብ ይገባዋልን?» ለሚለው ጥያቄ አጭር መልስ እንስጥ። ነቢዩ ናታን ንጉሥ ዳዊትን ሊገሥጽ በሄደ ጊዜ በቀጥታ «አጥፍተሃል» ብሎ አልጀመረም። ስለ ባለጠጋውና ስለ ድኻው በግ ታሪክ ነገረው፤ ዳዊትም በታሪኩ ውስጥ ባለው ሰው ላይ ከፈረደ በኋላ የፈረደው በራሱ ላይ መሆኑን አወቀ (2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12)። ቅዱስ ጳውሎስም በአቴና ሲያስተምር የአሕዛብ ባለቅኔዎች ከተናገሩት ጠቅሷል (ሐዋርያት ሥራ 17፥28)። ስለዚህ ጥያቄው ማንበብ አለማንበብ ሳይሆን እንዴት እናንብብ የሚል ነው።

፩. ደራሲው ከየት መጡ?

ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም ከካህን ቤተሰብ በ1902 ዓ.ም. ተወለዱ። በዲማ ጊዮርጊስና በሌሎችም የጎጃም አድባራት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረዋል። ኋላ ዘመናዊ ትምህርት ተምረው መምህር ሆኑ፣ ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ዘመቱ፣ ተማርከውም በጣልያን አገር ታሰሩ፤ ከነፃነት በኋላ በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት አገልግለው በ1996 ዓ.ም. ዐረፉ።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ደራሲው የቅኔ ቤት ልጅ ናቸውና ቃል ሲመርጡ ሰምና ወርቅ ያውቃሉ። መጻሕፍትንም «አንድም» እያለ በሚተረጉም ጉባኤ አጠገብ ያደገ ሰው ለአንድ ነገር ከአንድ በላይ ፍቺ መስጠትን ከልጅነቱ ይለምዳል። ሆኖም ከዚህ ቀጥሎ የምንለው ሁሉ ደራሲው በልባቸው ያሰቡት ነው አንልም። እኛ መጽሐፍ ቅዱስን በአንድ እጃችን፣ ልብ ወለዱን በሌላው እጃችን ይዘን ያየነው ነው።

፪. የውድነሽ ስለት

ወይዘሮ ውድነሽ በጣሙ ልጇ በዛብህ በሕፃንነቱ ሲታመም እንዳይሞትባት ፈርታ፣ ካደገ የእግዚአብሔር አገልጋይ እንዲሆን፣ ሚስትም እንዳያገባ ተሳለች። ይህን ስናነብ ወዲያው ትዝ የምትለን የሳሙኤል እናት ሐና ናት (1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1)። ሐናም አልቅሳ ተሳለች፤ ልጅም አገኘች፤ ጡት ባስጣለችው ጊዜ ወደ ሴሎ ወስዳ ለኤሊ ሰጠችው። ውድነሽም ልጇን ለትምህርት ሰጠች፤ በዛብህም ጎበዝ የቅኔ ተማሪ፣ ድምፀ መልካም አገልጋይ ሆነ። እስከዚህ ድረስ ሁለቱ እናቶች ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ከዚህ በኋላ ግን መንገዳቸው ይለያያል። ብዙዎቻችን የማናስተውለው አንድ ነገር አለ። ሳሙኤል ለእግዚአብሔር የተሰጠ ሆኖ ሳለ ልጆች ወልዷል፤ ኢዮኤልና አብያ የተባሉት ልጆቹ በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 8 ተጽፈዋል። የሐና ስለት ልጇን ለመቅደስ ሰጠው እንጂ ትዳርን አልከለከለውም። በቤተ ክርስቲያናችንም ሥርዓት ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት በቁርባን ያገባል፤ ወይም በራሱ ፈቃድ ይመነኩሳል። ምንኩስና ሰው ራሱ ፈልጎ፣ በአመክሮ ተፈትኖ የሚገባበት ነው እንጂ ሌላው ሰው በእርሱ ስም የሚገባለት አይደለም።

ስለዚህ የውድነሽ ስለት በሐና ተጀምሮ በዮፍታሔ የሚያልቅ ሆኖ እናገኘዋለን። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 11 ዮፍታሔ ከጦርነት በድል ከተመለሰ፣ ከቤቱ ሊቀበለው የሚወጣውን ለእግዚአብሔር እንደሚሰጥ ተሳለ። ከበሮ ይዛ የወጣችው አንዲት ልጁ ነበረች። ልጅቱ ሁለት ወር ለምና በተራሮች ላይ ከባልንጀሮቿ ጋር ያለቀሰችው ስለ ድንግልናዋ ነው፤ ሳታገባና ሳትወልድ ስለ መቅረቷ። በዛብህም ሰብለ ወንጌልን ባፈቀረ ጊዜ ያለቀሰው ይህንኑ ነው። የተሳለው ሌላ፣ የሚከፍለው ሌላ ሆነ።

ሕገ ኦሪት እንኳ ለዚህ ነገር በር ትቶለታል። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 27 ሰው ሰውን ተስሎ እንደ ሆነ በብር ይዋጀው ይላል። ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት ላለ ወንድ 20 ሰቅል፣ ከሃያ እስከ ስድሳ ዓመት ላለው 50 ሰቅል ተወስኗል። ድኻ ሆኖ መክፈል ያቃተውን ደግሞ ካህኑ እንደ አቅሙ እንዲገምትለት ታዟል። እግዚአብሔር የድኻይቱን እናት እንባ ያውቃል፤ በጭንቅ ሰዓት ከአፏ የወጣው ቃል ልጇን ለዘለዓለም እንዲያንቅ አልፈለገም።

ይህ ነገር ለእኛ ለቆላ ልጆች ሩቅ አይደለም። ወባና ካላዛር ብዙ ቤት በሚያንኳኩበት በዚህ አገር፣ ሕፃን አቅፋ ሌሊቱን ያልተሳለች እናት ስንት ናት? ስለታቸው ቅን ነው፤ እናከብረዋለን። ነገር ግን ጧፍ፣ ጃንጥላ፣ መጋረጃ፣ የራስ ጉልበትና ጾም የሚሳሉት አለ፤ የልጅን ዕድሜ ሙሉ የሚሳሉት ደግሞ አለ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። መጽሐፈ ምሳሌም (20፥25) ሰው ከተሳለ በኋላ ሊያስብ መጀመሩ ወጥመድ እንደሆነ ያስጠነቅቃል።

፫. ሰብለ ወንጌል፣ ያልታጨደው ሰብል

የልጅቱ ስም የአፄ ልብነ ድንግልን ባለቤት የእቴጌ ሰብለ ወንጌልን ስም ያስታውሰናል። ትርጉሙም የወንጌል ሰብል፣ የወንጌል መከር ማለት ነው። ጌታችን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ለደቀ መዛሙርቱ ዓይናቸውን አንሥተው ለአጨዳ የደረሰውን እርሻ እንዲያዩ ነግሯቸዋል።

በልብ ወለዱ ግን ሰብሉ ደርሶ ሳለ አጫጅ ይከለከላል። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ለጋብቻ የሚጠይቋትን ሁሉ «በዘር አይመጥነንም» እያሉ ይመልሳሉ። ዓመት ዓመትን ይወልዳል፤ ልጅቱ በአባቷ ቤት ትቀራለች። የሰሊጥ አገር ልጅ ይህን ለመረዳት መምህር አያስፈልገውም። ሰሊጥ ቀኑ ሲደርስ ካልታጨደ ቅርፊቱ ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ ዓመት ሙሉ የተደከመበት በጥቂት ቀን መዘግየት ይባክናል። የፊታውራሪ መሸሻ ኩራት ያደረገው ይህንን ነው።

ስማቸውንም እናስተውል። መሸሻ ማለት መጠጊያ ማለት ነው። በመዝሙር 45 መጠጊያችን እግዚአብሔር እንደሆነ እንዘምራለን። በዚህ ታሪክ ግን ልጅ ከአባቷ ትሸሻለች፤ መምህር ከቀጠረው ቤት ይሸሻል፤ ባላገሩም ይነሣባቸዋል። መሸሻ የተባሉት ሰው ሁሉም የሚሸሻቸው ሆኑ። ይህን እኛ ወርቁ ነው እንላለን።

፬. ጉዱ ካሣና የባላገሩ ነገር

ካሣ ዳምጤ እውነት ስለሚናገር «ጉዱ» ተባለ። ነቢይ በገዛ አገሩ እንደማይከበር ጌታችን ተናግሯል (ማቴዎስ 13፥57)፤ ኤርምያስንም ስለ ተናገረው ቃል ወደ ጉድጓድ ጥለውታል። ካሣን ማንም ጉድጓድ አልጣለውም፤ እብድ ማለት ግን ከጉድጓድ ያነሰ አይደለም። የእብድ ቃል መልስ አያስፈልገውምና።

ካሣ የኅብረተሰቡን ሥርዓት ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ ከተሠራ ካብ ጋር ያመሳስላል። የታችኛው የላይኛውን ይሸከማል፤ የታችኛው ሲናድ የላይኛውም አብሮ ይወድቃል። ቅዱስ ጴጥሮስም በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 2 ስለ ድንጋዮችና ስለ ሕንፃ ይጽፋል፤ ግን ድንጋዮቹ ሕያዋን ናቸው ይላል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ከበታቻቸው ያለው ድንጋይ ሕያው መሆኑን፣ ሊደክመውና ሊያመው እንደሚችል አላወቁም። ባላገሩ አዲስ ግዳጅ አንሰጥም ባለ ጊዜ ሊያስገብሩት ዘመቱ፤ በአበጀ በለው የሚመራው ባላገርም ማረካቸው። ይህ የሮብዓም ታሪክ ነው (1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 12)። ሕዝቡ ቀንበሩን አቅልልልን ባለው ጊዜ ሮብዓም የሽማግሌዎችን ምክር ትቶ አከብደዋለሁ አለ፤ አሥሩም ነገድ ተለዩት።

እንግዲህ ዛሬ ፊታውራሪ የለም፤ የርስትና የጉልት ሥርዓትም በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ አልፏል ብለን እንዳንዘናጋ። በየዓመቱ ሳሉግ የምንላቸው ወንድሞቻችን ከደጋ ወርደው ሰሊጣችንን ያርማሉ፣ ያጭዳሉ። ብዙዎቹ የእኛ እኩያ ናቸው፤ በሜዳ ያድራሉ፤ ካላዛርም ሲይዝ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው እነርሱን ነው። በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 የአጫጆች ደመወዝ ሲቀር ራሱ ደመወዙ እንደሚጮኽ ተጽፏል። በዘዳግም 24 ደግሞ የምንደኛው ዋጋ ፀሐይ ሳትገባ እንዲከፈል ታዟል። ለበዛብህ አልቅሰን የአጫጁን ሂሳብ የምናዘገይ ከሆነ መጽሐፉን ገና አላነበብነውም።

፭. «እስከ» የምትለው ቃል

በመጨረሻም ስለ ርዕሱ እንናገር። በዛብህ በመንገድ ላይ ወንበዴዎች ባደረሱበት ጉዳት ተኝቶ ሳለ፣ ሰብለ ወንጌል የመነኩሴ ልብስ ለብሳ፣ ቤትና ክብር ትታ ፍለጋ ወጥታ፣ ሊሞት ሲል አገኘችው። በመኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 3 ሌሊት በከተማ ስትዞር ውዷን የምትፈልገውን ሴት ታስታውሰናለች። ከሞተም በኋላ መንና ከመቃብሩ አልተለየችም። ሩት ለኑኃሚን በምትሞችበት እሞታለሁ፣ በዚያም እቀበራለሁ ብላ የገባችውን ቃል (ሩት ምዕራፍ 1) ሰብለ ወንጌል በተግባር ፈጸመችው። ጉዱ ካሣም መጥቶ ከእነርሱ ጋር ተቀበረ።

አንድ ነገር እንጨምር። እናቱ ለበዛብህ የተሳለችውን ብቸኝነት በመጨረሻ የተሸከመችው ሰብለ ወንጌል ናት። ነገር ግን ማንም አላስገደዳትም፤ ራሷ ወድዳ ገባችበት። ከዚህ የተነሣ ምንኩስናዋ ከስለቱ የተለየ ክብር አለው።

ልብ ወለዱ በመቃብር ያበቃል። ቢያበቃም አንወቅሰውም፤ የሰውን ፍቅር ድንበር በእውነት አሳይቶናልና። መግደላዊት ማርያምም በጨለማ ወደ መቃብር ሄዳ ቆማ ታለቅስ ነበር (ዮሐንስ ምዕራፍ 20)። የእርሷ ታሪክ ግን እዚያ አላበቃም፤ ከኋላዋ በስሟ የሚጠራት ነበረ። የሰው ፍቅር «እስከ» ይላል፤ ትንሣኤ ግን «እስከ»ን ይሽራል። የበዛብህን ታሪክ አንብበን ስንነሣ፣ በመቃብር ላይ የምናዝነውን ያህል ከመቃብር በፊት ልናደርገው የሚገባንን እናስብ። ስለትን በማስተዋል፣ ትዳርን ያለ ዘር ቆጠራ፣ ደመወዝን በጊዜው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የሐናና የውድነሽ ስለት በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
2. ወላጅ ለልጁ ሊሳል የሚገባውና የማይገባው ምንድን ነው? ዘሌዋውያን 27ን አንብባችሁ ተወያዩ።
3. በአካባቢያችን «ጉዱ» ተብሎ የሚታለፍ እውነት ተናጋሪ አለን? እንዴት እናዳምጠው?
4. በመጪው አጨዳ ሰንበት ትምህርት ቤታችን ለጉልበት ሠራተኞች ወንድሞቻችን ምን ሊያደርግ ይችላል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።