ስለ ፊልም ማኅደር፤ በቤት ሰርቨር ላይ የጋራ ፎልደር አሠራርና አጠባበቅ

ፊልምን በአንድ ኮምፒዩተር አከማችቶ ለቤተሰብ ሁሉ ማካፈል ዛሬ በመጠነኛ ወጪ የሚፈጸም ሥራ ነው። መምህርም ለተማሪዎቹ የሚያሳየውን የትምህርት ፊልም በዚሁ ዓይነት ሊያኖር ይችላል። ነገር ግን ብዙ ሰው ስለ ማከማቸቱ እንጂ ስለ መጠበቁ አያስብም። አንዱ ቦታ ጠበበ ብሎ ይሰርዛል፤ ሌላው የፋይሉን ስም ይለውጣል፤ ከእንግዳ ኮምፒዩተር የመጣ ቫይረስም ሁሉን ያበላሻል። የተገዛ ፊልም ቢጠፋ ገንዘብ ያለው ዳግመኛ ይገዛዋል። የአያት የትውልድ ቆጠራ የተቀረጸበት ቪዲዮ ግን አያቱ ካለፉ በኋላ በምንም ገንዘብ አይገኝም።

ስለዚህ የዚህ ትምህርት ዋና ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ማየት ለብዙዎች፥ መጻፍና መሰረዝ ግን ለአንድ ጠባቂ ይሁን የሚል ነው። ንዋያተ ቅድሳት ለምእመናን ሁሉ ሲያገለግሉ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በቄሰ ገበዙ እጅ እንደሚኖር፥ የፊልሙም ዕቃ ቤት እንዲሁ ሊጠበቅ ይገባዋል።

1ኛ፤ ስለ ቃላቱ ትርጓሜ።

ሰርቨር ማለት አገልጋይ ማለት ነው። ሌሎች ኮምፒዩተሮች፥ ስልኮችና ቴሌቪዥኖች ፋይል ሲጠይቁት አውጥቶ የሚሰጥ ኮምፒዩተር ሁሉ ሰርቨር ይባላል። ለዚህ ሥራ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ያረጀ ኮምፒዩተር ትልቅ ሃርድ ዲስክ ቢጨመርለት ይበቃል። ፎልደር የሚባለውም ማኅደር ለመጽሐፍ እንደ ሆነው ለፋይል የሚሆን መክተቻ ነው። ይህ ፎልደር በራውተር አማካይነት ለሌሎች መሣሪያዎች የተከፈተ እንደ ሆነ የጋራ ፎልደር ይባላል። ራውተሩ በቤት ውስጥ ያሉትን መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው የሚያገናኝ ስለ ሆነ፥ ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ እንኳ በሰርቨሩ ላይ ያለው ፊልም ሊታይ ይቻላል።

መሣሪያዎቹ ፋይል ለመጠየቅ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ኤስ ኤም ቢ ይባላል። ይህንም በ1980ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) ባሪ ፋይገንባም የተባለ ሰው በአይ ቢ ኤም ኩባንያ ሳለ አዘጋጀው። የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ፋይል የሚካፈሉት በዚህ ቋንቋ ነው። በሊኑክስ የሚሠሩትም ቋንቋውን እንዲናገሩ ያደረገው ሳምባ የተባለው ፕሮግራም ሲሆን፥ እርሱንም በአውስትራሊያ በካንቤራ ከተማ አንድሩ ትሪጅል በ1991 ጀመረው። ስሙንም ያወጣለት ኤስ፥ ኤም፥ ቢ የሚሉትን ፊደላት በተራ የያዘ ቃል ከመዝገበ ቃላት ፈልጎ ነው።

ፊልሞቹን በዝርዝር አሰልፎ በቴሌቪዥንና በስልክ የሚያሳየው ግን ሌላ ፕሮግራም ነው። ከእነዚህም አንዱ በ2018 መጨረሻ የተጀመረውና ያለ ዋጋ የሚገኘው ጄሊፊን ነው። እንግዲህ ሳምባ ፋይሉን ማስገቢያ በር ነው፤ ጄሊፊን ደግሞ ማሳያ መስኮት ነው።

2ኛ፤ ስለ አከፋፈሉና ስለ ስም አወጣጡ።

በሃርድ ዲስኩ ላይ አንድ ታላቅ ፎልደር ይከፈታል። በውስጡም አራት ይደረጋሉ፤ እነርሱም ፊልም፥ ተከታታይ ድራማ፥ የትምህርት ፊልምና የቤተሰብ ቪዲዮ ናቸው። ጄሊፊን ፊልምንና ተከታታይ ድራማን በየራሱ ሕግ ስለሚያነብ ሁለቱን በአንድ ፎልደር መደባለቅ አይገባም። እያንዳንዱም ፊልም የራሱ ፎልደር ይኑረው፤ ስሙም የፊልሙ ስምና በቅንፍ የወጣበት ዓመት ይሁን። ለምሳሌ የኃይሌ ገሪማ ፊልም «ጤዛ (2008)» ተብሎ ይጻፋል። ዓመቱ የሚጨመረው ፕሮግራሙ ስማቸው አንድ የሆነውን ፊልሞች እንዲለይ ነው። ፕሮግራሙ የሚመለከተው የፊልም መዝገብ የተጻፈው በአውሮጳ አቆጣጠር ስለ ሆነ፥ በእኛ አቆጣጠር ብንጽፈው በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያይና የሌላ ፊልም ታሪክ ሊያመጣብን ይችላል።

ስለ ፊደልም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «ፀሐይ»፥ «ጸሐይ»፥ «ፀሀይ» ተብሎ ቢጻፍ ለአንባቢ አንድ ቃል ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሦስት ልዩ ልዩ ስሞች ናቸው። በአንዱ የተጻፈውን በሌላው የሚፈልግ ሰው ፊልሙ የጠፋ ይመስለዋል። ስለዚህ ጠባቂው ትክክለኛውን አጻጻፍ አስቀድሞ በደብተር ይመዝግብ፤ ዘወትርም በዚያው ይጽና። ደግሞም በሊኑክስ ላይ የአንድ ስም ልክ እንደ ልማዱ 255 ባይት ነው። አንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ ስሙ ከ85 ፊደል ሊበልጥ አይችልም።

የሚከማቸውም ፊልም በሕግ የተገኘ ይሁን። በ2004 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የሠሪውን መብት ይጠብቃልና።

3ኛ፤ ስለ ሥልጣን።

ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ክፍል ነው። በመጀመሪያ ለጠባቂው አንድ ስምና የይለፍ ቃል፥ ለተመልካቾችም ሌላ ስምና የይለፍ ቃል ይዘጋጃል። ሳምባ የይለፍ ቃሎችን በራሱ መዝገብ ስለሚይዝ፥ ስሙን በሊኑክስ ላይ ማውጣት ብቻ አይበቃም፤ በሳምባም መዝገብ ማስገባት ያስፈልጋል። ከዚህ በኋላ የሳምባ አሠራር በሚወሰንበት ፋይል ውስጥ አራት ነገር ይጻፋል፤ ይኸውም የጋራ ፎልደሩ ስም፥ በዲስኩ ላይ የሚገኝበት ስፍራ፥ ለሁሉ ማንበብ ብቻ የተፈቀደ መሆኑ፥ መጻፍ የተፈቀደለትም የጠባቂው ስም ነው። ስሙ ያልተመዘገበ እንግዳም እንዳይገባ ይከለከላል።

ብዙ ሰው እዚህ ደርሶ የሚሰናከለው ሥልጣን በሁለት በር የሚጠበቅ መሆኑን ባለማወቁ ነው። አንደኛው በር የጋራ ፎልደሩ ፈቃድ ነው፤ ሁለተኛውም በዲስኩ ላይ ያለው የፋይሉ የራሱ ፈቃድ ነው። አንዱ ቢፈቅድና ሌላው ቢከለክል የከለከለው ይጸናል። ስለዚህ ጠባቂው በሳምባ መጻፍ ተፈቅዶለት ሳለ አልተፈቀደም የሚል መልስ ቢያገኝ የዲስኩን ፈቃድ ይመርምር።

ጄሊፊንም የሚሠራው በራሱ ስም ስለ ሆነ ፊልሞቹን እንዲያነብ ይፈቀድለት። ከእነርሱም በላይ ባሉት ፎልደሮች ሁሉ ማለፍ ይቻለው፤ የውጭው አጥር ተዘግቶ የውስጡ ቤት ክፍት ቢሆን አይጠቅምምና። ፊልሙ በዲስኩ ላይ እያለ ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ቢታይ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው። በዚህ ጊዜ አንዳንድ ሰው ከመቸገሩ የተነሣ ሁሉንም ሥልጣን ለሁሉ ይሰጣል። ይህ ቁልፍ ቢያስቸግር በሩን ነቅሎ እንደ መጣል ነው። የሚገባው ግን የጐደለውን አንድ ፈቃድ ፈልጎ እርሱን ብቻ መስጠት ነው። ተመልካቾቹ በጄሊፊን ብቻ የሚያዩ ከሆኑ የጋራ ፎልደሩ ጨርሶ ባይከፈትላቸው ይሻላል፤ ለጄሊፊንም ማንበብ ይበቃዋል።

4ኛ፤ ስለ ልኩ።

አንድ ጥሩ ምስል ያለው ፊልም በሰከንድ 8 ሜጋቢት ይፈልጋል እንበል። 8 ቢት አንድ ባይት ነውና ይህ በሰከንድ 1 ሜጋባይት ይሆናል። ሁለት ሰዓት 7,200 ሰከንድ ስለ ሆነ ፊልሙ 7,200 ሜጋባይት ወይም 7.2 ጊጋባይት ይመዝናል። እንግዲህ 1,000 ጊጋባይት የሚይዝ ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ 138 እንዲህ ያሉ ፊልሞች ይችላል። ይህን ፊልም ፋት 32 በተባለው አሠራር በተዘጋጀ ፍላሽ መቅዳት አይቻልም። ፍላሹ ባዶ ቢሆንም እንኳ ያ አሠራር ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልምና። በኤክስፋት የተዘጋጀ ግን ይቀበለዋል።

አራት ሰዎች ባንድ ጊዜ አራት ፊልም ቢያዩ 32 ሜጋቢት ይፈለጋል፤ 100 ሜጋቢት የሚያሳልፍ ኬብል ይህን ያለ ችግር ይሸከማል። ዋይፋይ ግን በወፍራም ግድግዳ ስለሚደክም ሰርቨሩ ከራውተሩ ጋራ በኬብል ይገናኝ።

5ኛ፤ ስለ ጥበቃ።

በ2017 በግንቦት ወር ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ በኤስ ኤም ቢ አንደኛ እትም አሠራር ላይ በነበረ ጉድለት ገብቶ፥ በ150 ያህል አገሮች ከ200,000 የሚበልጡ ኮምፒዩተሮችን ፋይል ቈልፎ የመክፈቻ ገንዘብ ጠየቀ። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች እንኳ ሥራቸው ታጐለ። ማይክሮሶፍት ግን ጉድለቱን የሚደፍነውን ማሻሻያ ከሁለት ወር በፊት በመጋቢት አውጥቶ ነበር። ስለዚህ የኤስ ኤም ቢ አንደኛው እትም ይዘጋ፤ ማሻሻያ በየጊዜው ይግባ፤ የጋራ ፎልደሩም በራውተሩ በኩል ወደ ኢንተርኔት ከቶ አይከፈት።

የሥልጣን ጥቅም እዚህ ላይ ይገለጣል። በተመልካች ኮምፒዩተር የገባ ቫይረስ በተመልካቹ ስም ወደ ጋራ ፎልደሩ ቢመጣ፥ ያ ስም ማንበብ ብቻ ስለ ተፈቀደለት ፋይሉን ሊቈልፍ ወይም ሊሰርዝ አይችልም። ጠባቂውም ፊልም ሲያይ በተመልካች ስም ይግባ፤ የጠባቂነቱን ስም ፋይል በሚያስገባበት ጊዜ ብቻ ያውጣው።

አንዳንዶች ሁለት ዲስክ አንድ ዓይነት ነገር እንዲጽፍ አድርገው ቅጂ አለን ይላሉ። ይህ አንዱ ዲስክ ቢሰበር ይጠቅማል፤ ነገር ግን ከአንዱ የተሰረዘው ከሁለተኛውም በዚያው ቅጽበት ስለሚሰረዝ ከስሕተት አያድንም። እውነተኛው ቅጂ ከሰርቨሩ ተነቅሎ በሌላ ቤት የሚቀመጥ ዲስክ ነው። ዲስኩ ለሁሉ ባይበቃ የቤተሰቡ ቪዲዮ ይቅደም። ቅጂውም በየጊዜው ይከፈትና ይታይ፤ ተከፍቶ ያልተመረመረ ቅጂ እንዳለ አይቈጠርም።

የመልመጃ ጥያቄዎች።

1. የጋራ ፎልደሩ መጻፍ ሲፈቅድ ዲስኩ ቢከለክል የማን ትእዛዝ ይጸናል?
2. በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚፈልግ የ90 ደቂቃ ፊልም ስንት ጊጋባይት ይመዝናል? በፋት 32 ፍላሽስ ይገባልን?
3. ሁለት ዲስኮች አንድ ዓይነት ነገር ቢጽፉ ስለ ምን እንደ ቅጂ አይቈጠሩም?
4. በቤታችሁ ካሉት ቪዲዮዎች ቢጠፋ የማይተካው የትኛው ነው? ሁለተኛው ቅጂውስ ዛሬ በማን ቤት ይገኛል?