ሚኒስትርና ሕዝብ በአዲስ መሣሪያ ሲመካከሩ፤ ከታይዋን የተገኘ ትምህርት

ነጋዴ ከመንግሥት ጋራ የሚነጋገርባቸው መንገዶች ከቀድሞ ጀምሮ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ማመልከቻ መጻፍ፥ ሁለተኛው ደጅ መጥናት። ማመልከቻው ከመዝገብ ቤት ይዘገያል፤ ደጅ ጥናቱም የሚቀናው በሹማምንቱ ዘንድ ለታወቀ ሰው ነው። ባለ ትንሽ ሱቁ ግን ደንቡን የሚሰማው ከታተመ በኋላ ነው። ዴሞክራሲ በምርጫ ቀን ድምፅ መስጠት ብቻ ሳይሆን፥ በሁለት ምርጫዎች መካከል በሚወጡት ደንቦችም ላይ መመካከር ከሆነ፥ ይህን ጉድለት በዘመናዊ መሣሪያ ለማቃናት የሞከሩትን፥ የታይዋን ሚኒስትር የነበሩትን የኦድሪ ታንግን ሥራ መመርመር ለአንባብያን ይጠቅማል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የነገሩ መነሻ የንግድ ውል ነበር። በ2014 በመጋቢት ወር የታይዋን ተማሪዎች፥ ከቻይና ጋራ የተደረገው የአገልግሎት ንግድ ስምምነት በሚገባ ሳይመረመር ሊጸድቅ ነው ብለው፥ በታይፔ ከተማ የሕግ አውጪውን ምክር ቤት አዳራሽ ይዘው ሦስት ሳምንት ያህል ተቀመጡ። በዚያን ጊዜ ጓቭ ዜሮ የሚባለው የበጎ ፈቃድ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ማኅበር የአዳራሹን ውሎ በኢንተርኔት ለሕዝብ ያሳይ ነበር፤ ኦድሪ ታንግም ከነዚሁ ባለሙያዎች አንዱ ነበሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ዣክሊን ጻይ የተባሉት ሚኒስትር ወደ ማኅበሩ ስብሰባ ሄደው፥ ሕግ ከመረቀቁ በፊት ሕዝብ የሚመካከርበትን ዘዴ እንዲሠሩ ጠየቋቸው። ቪታይዋን የተባለው የምክክር ሥርዓት ከዚህ ተወለደ። ታንግም በ2016 በጥቅምት ወር በሠላሳ አምስት ዓመታቸው ሚኒስትር ሆኑ።

መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት የ2015ን የኡበርን ክርክር መመልከት ይበቃል። ኩባንያው የግል መኪና ያላቸውን ሰዎች ከተሳፋሪ ጋራ ሲያገናኝ፥ ፈቃድ አውጥተው የሚሠሩት ባለ ታክሲዎች ተቈጡ፤ ተሳፋሪዎች ደግሞ በአዲሱ አገልግሎት ተደሰቱ። ለምክክሩ ፖሊስ የሚባል ፕሮግራም ተመረጠ (ስሙ ከጸጥታ አስከባሪው ፖሊስ ጋራ ዝምድና የለውም)። ተካፋዩ ሐሳቡን በአንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ይጽፋል፤ ሌሎች «እስማማለሁ»፥ «አልስማማም» ወይም «ልለፈው» ይላሉ። መልስ መጻፍ ግን አይቻልም። ዋናው ብልሃት በዚህ ላይ ነው፤ መልስ በሌለበት ስድብ ቦታ አያገኝም፥ ነገር የሚያባብስም ሰው ማገዶ ያጣል። ኮምፒዩተሩ የሚቀራረብ ድምፅ የሰጡትን በየወገናቸው አሰባስቦ በሥዕል ያሳያል፤ ከዚያም ተቃራኒዎቹ ወገኖች ሁሉ የተስማሙበትን ዐረፍተ ነገር ለይቶ ያወጣል። በኡበር ነገር ተጣልተው የነበሩት ወገኖች፥ ተሳፋሪው ኢንሹራንስ እንዲኖረው፥ ነጂው የሙያ ፈቃድ እንዲይዝ፥ ግብርም እንዲከፈል በመፈለግ አንድ ሆነው ተገኙ። መንግሥትም በ2016 ደንቡን በዚሁ መንፈስ አሻሻለ። ኡበር በ2017 በየካቲት ሥራውን አቋርጦ፥ በሚያዝያ ፈቃድ ካላቸው መኪና አከራዮች ጋራ ተዋውሎ ተመለሰ።

የመጠጥ ነጋዴዎችን የሚመለከት ሌላ ጉዳይም አለ። መጠጥን በኢንተርኔት መሸጥ ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ በሚለው ክርክር በ2016 መጀመሪያ 450 ያህል ሰዎች ተመካከሩ። የሕፃናት ነገር ያሳሰባቸው ወገኖችና ሻጮቹ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፥ ሽያጩ ለታወቁ ጥቂት ድርጅቶች ብቻ እንዲፈቀድ፥ ክፍያው በክሬዲት ካርድ እንዲሆን፥ ዕቃውንም ገዢው ከሰፈር ሱቅ ራሱ እንዲረከብ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ በረቂቅ ሕግ ውስጥ ገባ፤ ነገር ግን ረቂቅን ሕግ የሚያደርገው ምክር ቤቱ እንጂ ኮምፒዩተሩ አይደለም። በቪታይዋን የተገኘ ስምምነት መንግሥትን አያስገድድም፤ የሥርዓቱም ትልቁ ድካም ይህ ይመስለኛል።

ጆይን የተባለው ሌላው የመንግሥት ገጽ ግን ቢያንስ መልስ መስጠትን ግዴታ አድርጓል። አንድ አቤቱታ በ60 ቀን ውስጥ 5,000 ደጋፊ ካገኘ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት በሁለት ወር ውስጥ ማብራሪያ መስጠት አለበት። በየሚኒስቴሩም ከሕዝብ ጋራ የመመካከር ኀላፊነት ያለባቸው ሹማምንት ተመደቡ። በ2017 በግንቦት ወር አንድ ዜጋ የገቢ ግብር ማስታወቂያው ፕሮግራም እጅግ አስቸጋሪ ነው ብሎ በምሬት በጻፈ ጊዜ፥ የገንዘብ ሚኒስቴር እርሱንና ሌሎቹን ወቃሾች ጠርቶ ፕሮግራሙን አብረው እንዲያሻሽሉ አደረገ። የቅሬታ ደብዳቤ ሲጽፍ ለኖረ እንደ እኔ ላለ ጸሐፊ፥ ወቃሽ ወደ ሥራው ጠረጴዛ መጠራቱ ከመሣሪያው ይልቅ ያስደንቃል።

ታንግ በራሳቸው ላይም አንድ ሕግ አወጡ። በሚኒስትርነታቸው ዘመን ጉዳይ ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ፥ የኩባንያ ወኪልም ቢሆን፥ የተናገረው ቃል ይመዘገብ ነበር፤ ተነጋጋሪዎቹ በአሥር የሥራ ቀን ውስጥ ካረሙት በኋላም ለሕዝብ ይወጣ ነበር። ለአንዳንዱ ነጋዴ ይህ ሳይከብድ አልቀረም። ይሁን እንጂ ተወዳዳሪው ለሚኒስትሩ ምን እንዳለ እርሱም ያነበው ነበርና፥ በስውር የሚገኝ ብልጫ ይቀር ነበር።

በ2020 ወረርሽኙ በገባ ጊዜ ደግሞ ነገሩ በቀጥታ ወደ ባለ ሱቆች ደረሰ። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ በራሽን ሲታደል፥ መንግሥት ከ6,000 በላይ የሆኑ መድኃኒት ቤቶች የቀራቸውን ብዛት ማንም ሰው እንዲጠቀምበት አድርጎ በኢንተርኔት አወጣ፤ ባለሙያዎችም ከዚህ መረጃ ተነሥተው ካርታዎችን ሠሩ። ብዙ መድኃኒት ቤቶች ግን ጠዋት የተራ ቁጥር ያድሉና ዕቃውን በኋላ ያስረክቡ ነበር። ስለዚህ ካርታው «አለ» እያለ፥ የመጣው ሰው «አልቋል» ይባላል፤ ቁጣውም የሚወርደው በባለ መድኃኒት ቤቱ ላይ ሆነ። አንዳንዶቹ ካርታውን አትመኑ ብለው በደጃፋቸው ለጠፉ። ሚኒስትሩም ባለ መድኃኒት ቤቶቹን ሰምተው ሥርዓቱን አሻሻሉ፤ ዕድላውን የጨረሰ ሻጭ በራሱ እጅ ስሙን ለዕለቱ ከካርታው እንዲያነሣ ተፈቀደለት።