ከምረቃ በኋላ አንድ የአገልግሎት ዓመት፦ ወጪውን ከምን እንሸፍናለን?

ሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን ሲያትል፣ ልጅ ኮሌጅ ሲጨርስ ቤተሰብ የሚጠብቀው ሥራ መያዙን ነው። «አንድ ዓመት አሜሪኮርፕስ ላገለግል ነው» ሲል ታዲያ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ይከፍሉሃል?» ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ1993 በወጣ ሕግ የተቋቋመው የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የአገልግሎት ፕሮግራም አሜሪኮርፕስ ለአገልጋዮቹ የሚሰጠው ደመወዝ ሳይሆን የኑሮ አበል ነው። አበሉ ያኖራል፤ ኪራይንና የብድር ዕዳን ግን አንድ ላይ አይችልም። ስለዚህ ሒሳቡ የሚሠራው ከመፈረም በፊት ነው።

ደረጃ 1፦ ብቁ መሆናችሁን አረጋግጡ
ለአብዛኞቹ ምደባዎች የአሜሪካ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይጠየቃል። የሥራ ፈቃድ ብቻውን በቂ አይደለም። በሜሪላንድ የምትኖሩ ደግሞ ግዛቱ በ2023 ባወጣው ሕግ የጀመረውን የራሱን የአገልግሎት ፕሮግራም አብራችሁ ተመልከቱ።

ደረጃ 2፦ አበሉን በወር መንዝሩት
የሚቀበላችሁን ድርጅት አራት ነገር ጠይቁ፦ ከግብር በኋላ እጅ የሚገባው ስንት ነው? በየስንት ቀኑ ይከፈላል? የጤና መድን አለው? የጎን ሥራ ይፈቀዳል? መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

ለምሳሌ በወር 1,700 ዶላር እጃችሁ ገባ እንበል። የኪራይ ድርሻ 800፣ ምግብ 350፣ መጓጓዣ 150፣ ስልክ 50፣ አገር ቤት የሚላክ 100። የቀረው 250 ነው። የተማሪ ብድሩ በወር 300 ከሆነ 50 ዶላር ጎደለ ማለት ነው። ወደ አገር ቤት የምትልኩትን «እንደሁኔታው» ብላችሁ አትዝለሉት፤ የበዓል ሰሞን መምጣቱ አይቀርም።

ደረጃ 3፦ ብድሩን ቀድማችሁ መልክ አስይዙት
ብዙውን የፌዴራል ብድር መክፈል የምትጀምሩት ከትምህርት ከወጣችሁ 6 ወር በኋላ ነው። የእፎይታው ጊዜ ሲያልቅ ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው ፎርቤራንስ ነው፦ በአገልግሎቱ ዘመን ክፍያው ይቆማል፤ ወለዱ ግን ይቆጥራል። አገልግሎቱን በወጉ ከጨረሳችሁና ካመለከታችሁ፣ ብቁ በሆነ ብድር ላይ የተጠራቀመውን ወለድ የፕሮግራሙ ፈንድ ይከፍላል። የግል ባንክ ብድር እዚህ ውስጥ አይገባም።

ሁለተኛው በገቢ መጠን የሚከፈልበት ዕቅድ ነው። ወደፊት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት ለመሥራት ካሰባችሁ ይህኛው ይሻላል፤ ምክንያቱም ከ120 ብቁ ክፍያዎች በኋላ የቀረውን ዕዳ ለሚሰርዘው ፕሮግራም የአገልግሎቱ ወራት ሊቆጠሩላችሁ ይችላሉ።

ደረጃ 4፦ መነሻ ገንዘብ አጠራቅሙ
የመጀመሪያው አበል እስኪገባ ለኪራይና ለማስያዣ የሚሆን ገንዘብ ያስፈልጋል። በመጨረሻው የትምህርት ዓመት እቁብ መግባት ጥሩ መላ ነው፦ 20 ሰው በሳምንት 100 ዶላር ቢጥል ዕጣው 2,000 ዶላር ይሆናል። ግን ዙሩ አገልግሎቱ ከመጀመሩ በፊት የሚያልቅ ይሁን። ቀድሞ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን በልቶ ከአበሉ እየቀነሰ መጣል ከጀመረ ዓመቱ ይከብደዋል።

ከወላጅ ጋር መኖር የሚቻል ከሆነ ትልቁ ወጪ ተቃለለ። የምግብ ድጋፍም (ስናፕ) ጠይቁ፤ አበሉ በገቢነት ላይቆጠር ይችላል። ይሁንና ከወላጁ ጋር የሚኖር ከ22 ዓመት በታች የሆነ ወጣት ከቤተሰቡ ጋር ነው የሚታየው። ግሪን ካርድ ያለው አዋቂም በአብዛኛው 5 ዓመት መጠበቅ አለበት።

ደረጃ 5፦ ሽልማቱን አስቀድማችሁ አትብሉት
1,700 ሰዓት አገልግሎ የጨረሰ ሰው የትምህርት ሽልማት ያገኛል፤ በ2024 የበጀት ዓመት ሙሉው መጠን 7,395 ዶላር ነበር። ገንዘቡ በእጅ አይሰጥም፤ ለብድር አበዳሪው ወይም ለትምህርት ቤቱ ይከፈላል። በ7 ዓመት ውስጥ መጠቀም ይቻላል። ነገር ግን በተጠቀማችሁበት ዓመት ግብር ይታሰብበታል። ስለዚህ ከፊሉን በዲሴምበር፣ ከፊሉን በጃንዋሪ ብታስከፍሉ ግብሩ በሁለት ዓመት ይከፈላል። ያለ በቂ ምክንያት አቋርጦ የወጣ ሰው ሽልማቱንም የወለድ ክፍያውንም ያጣል።

ደረጃ 6፦ ፕሮግራሙ ቢቋረጥስ?
በኤፕሪል 2025 የፌዴራሉ መንግሥት በርካታ የአሜሪኮርፕስ ድጎማዎችን በድንገት ሰርዞ ብዙ አገልጋዮች መሃል ላይ ቀርተዋል። ከመፈረማችሁ በፊት «የዚህ ምደባ በጀት ከየት ነው? እስከ መቼስ ጸድቋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ቢያንስ የአንድ ወር ወጪ የማይነካ ሒሳብ ውስጥ አስቀምጡ።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ የወሩ ሒሳብ አሁንም ከጎደለ አትፈርሙ። ኪራይ ወደሚረክስበት ከተማ ወይም መኖሪያ ወደሚሰጥ ምደባ አመልክቱ፤ አለዚያም አንድ ዓመት ሠርታችሁ አጠራቅሙና ከዚያ በኋላ አገልግሉ።