በሽተኛው የማይናገረው

በጀመዓችን ውስጥ ነርሲንግ የሚያጠኑ እህቶችና ወንድሞች አሉን። ሌሎቻችን ግን ሙያቸውን የምናውቀው በመርፌና በግሉኮስ ብቻ ነው። የሰውን ስሜት ተረድቶ እንደየሁኔታው መነጋገር፣ ማለትም ማኅበራዊ ብልህነት፣ ጥሩ ጠባይ እንጂ ሙያ አይመስለንም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ ግን እ.ኤ.አ በ1920 ራሱን የቻለ ችሎታ አድርጎ ጽፎበታል። ነርሷ ሂልደጋርድ ፔፕላውም በ1952 ባሳተመችው መጽሐፍ ነርስና ታካሚ የሚኖራቸውን ግንኙነት የሙያው እምብርት አድርጋዋለች።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የስኳር ሕመም ያለባቸው አንዲት እናት ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን ክኒን በቀን ሁለቴ እንዲወስዱ ታዘዋል እንበል። ረመዳን ሲገባ ይፆማሉ፤ አንዱን ክኒን ይተዋሉ። ለክትትል ሲመጡ ነርሷ ሰው በተሰበሰበበት «ማን ፁሙ አለዎት?» ብላ ትቆጣቸዋለች። በሚቀጥለው ቀጠሮ «መድኃኒትዎን በትክክል ይወስዳሉ?» ሲባሉ መልሳቸው «አዎ ልጄ» ነው። ስኳራቸው ሲለካ ከፍ ብሏል። ሐኪሙም መድኃኒቱ አልበቃቸውም ብሎ መጠኑን ይጨምራል። ከዒድ በኋላ የተጨመረውን ሁሉ መውሰድ ሲጀምሩ ስኳራቸው ይወርዳል፤ ያልባቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ፤ ሕይወትም ሊያልፍ ይችላል። (ኢንጂነሪንግ የምንማር እናውቀዋለን፤ መለኪያው ከዋሸ ስሌቱ ትክክል መሆኑ አያድንም።)

ያንኑ ጥያቄ መጋረጃውን ዘግታ፣ አጠገባቸው ተቀምጣ ብትጠይቅስ? «እናቴ፣ ፆሙ እንዴት ይዞዎታል? ክኒኑን በኢፍጣር ነው በሱሑር የሚወስዱት?» ይህ ጥያቄ «አዎ» ተብሎ አይታለፍም። መፆማቸውንም እንደ ወንጀል አይቆጥርም። እውነቱ ከታወቀ ሐኪሙ መጠኑንና ሰዓቱን ያስተካክላል፤ ፆሙ የሚጎዳቸው ከሆነም ይነግራቸዋል። አላህ ለታመመ ሰው ያደረገውን ሩኽሳ በዚያች ሰዓት ማስታወስ ለሙስሊም ነርስ ይቀላል፤ ታማሚዋም ከእሷ ሲሰሙት ይቀበሉታል።

ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ) በኸንደቅ ዘመቻ ቆስለው ሩፈይዳ (ረ.ዐ) ዘንድ ሲታከሙ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጠዋት ማታ ባለፉ ቁጥር እንዴት እንዳደሩና እንዴት እንዳመሹ ይጠይቋቸው ነበር። ሱረቱ ዐበሳንም እናስታውስ። ዐብደላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱም (ረ.ዐ) ዓይነ ስውር ስለነበሩ የፊቱን መጨፍገግ አላዩም። አንቀጹ ግን ወረደ። አይሰማም ተብሎ አልጋው አጠገብ ስለ እሱ እንደ ዕቃ የሚወራበትን በሽተኛ ስናስብ ይህ ይከብዳል።

ቋንቋም አለ። አማርኛ የማይችሉ እናት ሲመጡ ለማስተርጎም የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ አብሯቸው የመጣው ወንድ ልጃቸው ነው። ስለ ጉንፋን ከሆነ ችግር የለውም። ስለ ወር አበባ ወይም ስለ ማህፀን ከሆነ ግን እናትየው በልጃቸው ፊት ዝም ይላሉ፤ ካርዱ ላይ «ችግር የለም» ተብሎ ይጻፋል። ልጁን በትሕትና ደጅ አስቀምጦ ቋንቋውን የምታውቅ ሴት ባልደረባ መጥራት አምስት ደቂቃ ቢወስድ ነው።