አጥር ሲነሳ የተመለሰ ፍልሰት

ባለ ሰኮና አጥቢ እንስሳት በየወቅቱ የሚፈልሱት ዝናብን ተከትሎ ግጦሽና ውኃ ቦታ ስለሚለዋወጥ ነው። መነሻውና መድረሻው በፓርክነት ቢከለልም፣ መሐሉ ከተዘጋ ፍልሰቱ ይቋረጣል።

በምሳሌነት የቦትስዋናን የሜዳ አህዮች እንመልከት። ከኦካቫንጎ ደልታ ወደ ማክጋዲክጋዲ የሣር ሜዳ የሚወስደውን መንገድ እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 2004 የከብት በሽታ መከላከያ አጥር ዘግቶት ነበር። አጥሩ በተነሳ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ከ500 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው የደርሶ መልስ ጉዞ እንደገና ተጀመረ። በዱር የሚኖር የሜዳ አህያ ያን ያህል ዘመን ስለማይቆይ፣ የቀድሞውን መንገድ የሚያስታውስ መሪ አልነበራቸውም።

የእኛው ነጭ ጆሮ ቆርኬም በጋምቤላና በደቡብ ሱዳን መካከል ይመላለሳል። ከቦትስዋና የምንማረው የተዘጋ መንገድ ሊከፈት እንደሚችል ነው፤ ያልተዘጋውን እንዳይዘጋ መጠበቅ ግን የሁለቱም አገሮች ፋንታ ነው።