ትኵረታችን ከአደጋ ሲሸሽ

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላሉ አባቶቻችን። ዘንድሮ ስለ ሥነ ልቡና ሳነብ ይህ ተረት የአንድ ከባድ ሕመም ጠባይ መኾኑን ተረዳሁ። ብርቱ አደጋ ከደረሰባቸው ሰዎች አንዳንዶቹን ነገሩ ካለፈ ከወራት በኋላ እንኳ በሕልምም በውንም ይመላለስባቸዋል፤ እንቅልፍ ይነሣቸዋል፤ በር በተንኳኳ ቍጥር ይበረግጋሉ። እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ማየርስ በ1915 ዓ.ም. ይህን መሰሉን የወታደሮች ሕመም «የመድፍ ድንጋጤ» ብሎ ጻፈበት (ዓመቶቹን ኹሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ)። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ዛሬ የሚጠራበትን ስም ሰጥቶ በመጽሐፉ ያስገባው ግን በ1980 ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ያንኑ አደጋ ካዩ ሰዎች አንዱ ሲታመም ሌላው ለምን በጤና ይኖራል? ሊቃውንት ምክንያቱን በብዙ ስፍራ ይፈልጋሉ። እኔ የምጽፈው ስለ አንዱ፥ ይኸውም የሰው ትኵረት ወደ አስፈሪው ነገር ስለ ማዘንበሉ ወይም ከእርሱ ስለ መሸሹ ነው።

ትኵረት እንዴት ይለካል? ማክላውድ፥ ማቲውስና ታታ የተባሉ ሊቃውንት በ1986 ባወጡት ፈተና ኹለት ቃላት፥ አንዱ አስፈሪ አንዱ ተራ፥ በኮምፒውተር ገጽ ላይ ከላይና ከታች ለግማሽ ሴኮንድ ይታያሉ። ቃላቱ ሲጠፉ በአንደኛው ስፍራ ነጥብ ይመጣል፤ ተፈታኙም ነጥቡን እንዳየ ቍልፍ ይጫናል። ነጥቡ በአስፈሪው ቃል ስፍራ ሲመጣ የሚፈጥን ከኾነ ትኵረቱ እዚያ ነበረ፤ የሚዘገይ ከኾነ ሸሽቶ ነበር ማለት ነው። ልዩነቱ በሺህኛ ሴኮንድ የሚቈጠር ስለ ኾነ ሰውየው ራሱ አያውቀውም። ስለዚህ ነገሩ የፈሪነትና የጀግንነት ጕዳይ አይደለም።

ተረቱን ብቻ ብንከተል፥ የሚታመመው ወደ አደጋው አብዝቶ የሚያየው ነው ብለን በፈረድን ነበር። ነገር ግን ከ2008 እስከ 2009 በነበረው ጦርነት በእስራኤል አገር በጋዛ ድንበር አጠገብ፥ ሮኬት በሚወርድበት አካባቢ፥ በዚህ ዐይነት ፈተና የተመረመሩት ሰዎች ሌላ ነገር አሳዩ። በ2011 የታተመው ጥናት እንደሚለው፥ አደጋው ገና በላያቸው ሳለ ትኵረታቸው ከአስፈሪው የሸሸ ሰዎች ከአንድ ዓመት በኋላ የሕመሙ ምልክት በዝቶባቸው ተገኘ። እባብ በእግር ሥር ሳለ ዐይንን ማንሣት ዕረፍት ይመስላል፤ ዳሩ ግን የት እንደ ነበረ ያላየ ሰው መሄዱንም አያውቅም። ይህ የእኔ ግምት ነው እንጂ ጥናቱ መንሥኤውን ቈርጦ አልተናገረም።

በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የታማሚዎቹ ትኵረት አንድ ጊዜ ወደ አስፈሪው እየሄደ፥ አንድ ጊዜ ከእርሱ እየሸሸ እንደሚዋልል አመለከተ። በዚያው ዓመት፥ ጦርነት ላይ በነበሩ የአሜሪካና የእስራኤል ወታደሮች የተሞከረ ልምምድ ውጤቱ ታተመ። ልምምዱ ኹለት ዐይነት ነበር። በአንደኛው ነጥቡ ሁልጊዜ በአስፈሪው ሳይኾን በተራው ስፍራ ይመጣል፤ ይህም ትኵረትን ከአደጋ ማራቅ ለማስለመድ ነው። በኹለተኛው ግን በኹለቱም ስፍራ እኩል ይመጣል፤ ይህኛው የታሰበው ለማነጻጸሪያ ብቻ ነበር። የሕመሙን ምልክት አብልጦ የቀነሰው ይኸው ለማነጻጸሪያ የተሰናዳው ኾነ።