ቀዩን መብራት ሳታዩ ሪሴት አትጫኑ

በዚህ እትም ይዤላችሁ የቀረብኩት ትምህርት የቤት ኢንተርኔት ሲጠፋ መጀመሪያ ምን መታየት እንዳለበት ነው። ርዕሱን የመረጥኩት በምክንያት ነው። ባለፈው ፋሲካ የኛ ቤት ኢንተርኔት ሁለት ብልሽት ነበረበት። አንደኛውን ያመጣው ቡፌ ነው፣ ሁለተኛውን ግን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ሹር ቤት ስናጸዳ ቡፌውን ስበን፣ ከኋላው ጠርገን፣ መልሰን ወደ ግድግዳው ገፋነው። ማታ ላይ ወንድሜ "ዋይፋይ የለም እንዴ?" አለ። እኔ ቶሎ ብዬ ሞደሙ ላይ የለበሰውን ዳንቴል ገለጥኩ። አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። "እንዲህ ነው የምትሆነው" ብዬ አለፍኳትና ከጀርባ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ተጭኜ ያዝኳት። ጎረቤት ቤት እንደዚያ ሲደረግ አይቼ ነበር። መብራቶቹ ሁሉ ጠፍተው እንደገና ሲበሩ የሠራሁት መስሎኝ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን ስልካችን ላይ የዋይፋያችን ስም ራሱ ጠፋ!

አክስቴ የምትኖረው ቤሩት ነው። በየበዓሉ ጠዋት በቪዲዮ ስትደውል እማዬ ስልኩን እያዞረች ዶሮውን፣ ድፎውን፣ ቄጤማውን ሁሉ ታሳያታለች። በዚያ ፋሲካ ግን በካርድ የገዛነው ዳታ ገና ሰላምታ ሳይጨርሱ አለቀ። ለጥገና ስንደውል ደግሞ ከበዓል በኋላ እንመጣለን ተባልን።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልግባ። ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ አይደሉም። ግቢ ውስጥ ሮቶ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከሮቶው ወደ ኩሽና የሚሄደው ቧንቧ ደህና ሆኖ ከመንገድ ውሃ ካልመጣ ቧንቧው ቢከፈትም ዝም ነው። ዋይፋይ ከሞደሙ እስከ ስልካችሁ ያለው የቤት ውስጥ ቧንቧ ነው። ኢንተርኔት ደግሞ ከውጭ በመስመር የሚመጣው ውሃ ነው። ስልኩ "ተገናኝቷል" እያለ ምንም የማይከፍተው ለዚህ ነው። እንደዚያ ከሆነ የዋይፋይ ይለፍ ቃል ደጋግሞ መጻፍ ምንም አይጠቅምም፣ ችግሩ ከሞደሙ ወዲያ ነውና።

የት እንደሆነ የሚናገሩት መብራቶቹ ናቸው። የኛን ሞደም ፊት ጎን ላይ በእስክሪብቶ ስዬዋለሁ (መስመሩ ቢጣመም ይቅርታ)። ፓወር የሚለው ካልበራ ጉዳዩ የኢንተርኔት ሳይሆን የኤሌክትሪክ ነው። ሶኬቱን፣ ዲቫይደሩን፣ ከሞደሙ ጀርባ የምትሰካውን የአዳፕተር ጫፍ እዩ። ዲቫይደሩ ላይ ሌላ የስልክ ቻርጀር ሰክቶ መሞከር ቀላሉ መንገድ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ከመጠን በላይ ከፍ ብሎ ሊመጣና አዳፕተሩን ሊያቃጥል ይችላል፤ ስለዚህ መብራት ሲሄድ ንቀሉት፣ ሲመለስም ትንሽ ጠብቃችሁ ሰኩት። የሌላ ዕቃ አዳፕተር ስለገጠመ ብቻ እንዳትሰኩ! የኛ ላይ 12 ቮልት 1 አምፔር ተብሎ ተጽፏል። ምትኩ ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ መሆን አለበት፤ የጫፉም ዓይነት አንድ መሆን አለበት።

ፓወር በርቶ ኤል ኦ ኤስ የሚለው ቀይ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ሞደሙ ከመስመሩ ብርሃን እየደረሰው አይደለም። ብርሃን ያልኩት በምሳሌ አይደለም። ወደ ቤታችን የሚገባው ቀጭን ገመድ ፋይበር ይባላል፤ በውስጡ የመስታወት ክር አለ። ክሩ ውፍረቱ 0.125 ሚሊ ሜትር ነው፤ ማለትም 8 ክሮች ጎን ለጎን ቢደረደሩ ማስመሪያችሁ ላይ ካሉት ትንንሽ ክፍሎች አንዷን ብቻ ይሞላሉ። የምናየው ቪዲዮም ሆነ የምንልከው ፎቶ በዚህ ክር ውስጥ በብርሃን መልክ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ብርሃን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄድ ተብለን ተምረናል፤ ታዲያ ገመዱ ሲዞር እንዴት አብሮ ይዞራል? ክሩ ውስጥ ግድግዳውን እየነካ ወደ ውስጥ ስለሚንጸባረቅ ነው። ገመዱ በጣም ከታጠፈ ግን ብርሃኑ መንጸባረቁን ትቶ በጎን ይወጣል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ቢታጠፍ ችግር የለውም፣ ፋይበር ግን እንደዚያ አይደለም።

የኛ ቡፌ ያደረገው ይህንን ነው። ገመዱን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ አጥፎታል። ቴክኒሻኑ ማክሰኞ መጣ፣ መብራቷን አየ፣ "ዕቃ አንቀሳቅሳችኋል?" ብሎ ጠየቀ፣ ቡፌውን ሳበ፣ ገመዱን አቃና። ቀዩዋ ጠፋች፣ ፒ ኦ ኤን የምትለው አረንጓዴዋ ቀጥ ብላ በራች። ይህን እኛም ቅዳሜ ማታ ማድረግ እንችል ነበር። ገመዱን በሰፊው አዙሩት እንጂ አትጠፉት፤ ከሞደሙ ነቅላችሁ ጫፉን ወደ ዓይናችሁ አታቅርቡ። የሚወጣው ጨረር በዓይን አይታይም፣ ዓይንን ግን ሊጎዳ ይችላል። ገመዱ ደህና ሆኖ ቀዩ ካልጠፋ መስመሩ ውጭ ላይ ስለሚሆን መደወል ብቻ ነው። ስትደውሉ የትኛው መብራት በምን ቀለም እንደበራ ንገሯቸው።

ከዚያ በኋላ ግን ኢንተርኔቱ አልመጣም። ይሄ የኔ ነው። አጥፍቶ ማብራትና ሪሴት ማድረግ የተለያዩ ናቸው። አጥፍቶ ማብራት ማለት ነቅሎ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ፣ መልሶ ሰክቶ መጠበቅ ነው፤ ምንም አያጠፋም። ሪሴት ግን ሞደሙን ከፋብሪካ እንደወጣ ያደርገዋል። የዋይፋዩ ስም ከሥሩ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ወዳለው ይመለሳል፤ ከሁሉም በላይ መስመሩ የሚከፈትበት የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይጠፋል። ቴክኒሻኑ "ማነው የነካው?" ሲል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሲገጠም የተሰጠን ወረቀት ሊገኝ አልቻለም። ለቡፌው ጥቂት ደቂቃ የበቃው ሰውዬ እኔ ያጠፋሁትን ለመመለስ ቢሮ እየደወለ እስከ ምሳ ሰዓት ቆየ። እማዬ አንድም ነገር አልተናገረችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

መብራቶቹ ሁሉ ደህና ሆነው ካልሠራ የወሩ ሒሳብ መከፈሉን ጠይቁ። ቀርፋፋ ብቻ ከሆነ ሞደሙ ከፍሪጅ ወይም ከቆርቆሮ ጀርባ እንዳይሆን አድርጉ፣ ብረት ዋይፋይን ይጋርዳልና። በስልክ ሽቦ የሚመጣ መስመር ያላችሁ ደግሞ የምታዩት ዲ ኤስ ኤል የሚለውን መብራት ነው።

ዳንቴሉ ተነስቷል፤ መብራቶቹን ይሸፍናል፣ ሙቀትም ያፍናል። ቴክኒሻኑ የጻፈልንን አዲሱን ወረቀት እማዬ በፕላስቲክ ጠቅልላ ቡፌው ውስጥ ከመብራት ደረሰኞች ጋር አስቀምጣዋለች። አክስቴም በዳግማይ ትንሣኤ ደውላ ከአንድ ሰዓት በላይ አወሩ። እኔ ግን ያንን መሳቢያ እንዳልከፍት ተብያለሁ።